ሾፌር የሌለው ታክሲ፣ ተወካይ የሌለው ሾፌር

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ድርድር፣ ስለ ታሰረም ሆነ ስለ ተፈታ ሰው አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እንጀራችን ነው። «ይሄማ ፖለቲካ የለበትም» ብሎ ሊያልፈው ያሰበ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። እንጀራ ያለበት ነገር ሁሉ ፖለቲካ አለበት። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2025 ሰመር ላይ አንድ ቀን ከአንድ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ጋር በታክሲያቸው ዋሽንግተን መሃል ከተማ እየሄድን ነበር። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ አገር ቤት የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ መሪ ከጨበጡ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዚያ መሪ ሁለት ልጆች ኮሌጅ አስገብተው አስመርቀዋል፤ ደሴ ላሉት እህታቸው በየወሩ ሳያቋርጡ ይልካሉ፤ የአገራቸው ጉዳይ የሚነሳበት ሰላማዊ ሰልፍም አምልጧቸው አያውቅም። ብርድ ሆነ ዝናብ፣ ባንዲራቸውን ይዘው ከፊት መስመር ናቸው።

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ከጎናችን አንዲት ነጭ ጃጓር መጥታ ቆመች። ጣሪያዋ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ ጥቁር ነገር አለ። በግራ በቀኝ፣ በፊት በኋላዋም ትንንሽ መሣሪያዎች ተለጥፈውባታል። መሪው ፊት አንድ ወጣት ተቀምጧል፤ እጆቹ ግን ጭኑ ላይ ናቸው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መሪው ራሱ ዞረና መኪናዋ ሄደች።

ጋሼ በዓይናቸው ሸኟትና «አየኸው ይሄን ልጅ?» አሉኝ። «እዚያ የተቀመጠው ለመንዳት አይደለም። ለመውረድ ነው።»

ይቺ አባባላቸው ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ያቺ መኪና የዌይሞ ናት። ሥራውን የጀመረው ጉግል ሲሆን ጊዜውም 2009 ነበር። በ2016 መጨረሻ ራሱን ችሎ ዌይሞ የሚባል ኩባንያ ሆነ። በኦክቶበር 2020 አሪዞና ውስጥ በፊኒክስ ከተማ አቅራቢያ፣ መሪው ላይ ሰው የማይቀመጥበትን ታክሲ ለማንኛውም ተሳፋሪ ከፈተ። በኦገስት 2023 የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሌት ተቀን እያስከፈለ እንዲሠራ ፈቀደለት። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ቀጠለ። በ2025 ደግሞ ከኡበር ጋር ተሻርኮ ኦስቲንና አትላንታ ገባ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር በሳምንት ከ250 ሺህ በላይ የሚከፈልባቸው ጉዞዎች እንደሚያደርግ ኩባንያው አስታውቋል። እንግዲህ ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ሙከራ አይደለም፤ ገበያ ላይ የዋለ ንግድ ነው።

አሠራሩ አስማት አይደለም። ጣሪያው ላይ ያለው ላይዳር የሚባለው መሣሪያ በዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር ይረጫል። ጨረሩ ዕቃ ነክቶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በመለካት በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። ራዳሩ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ይለካል። ካሜራዎቹ መብራትና የመንገድ ምልክት ያነብባሉ። መንገዱም ቀድሞ እስከ ጠርዙ ተለክቶ በካርታ ተቀምጧል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ፣ ያ እግረኛ ሊሻገር ነው ወይስ ሊቆም ነው የሚለውን ይገምታል። ግራ ሲገባው ከሩቅ ቢሮ የተቀመጡ ሰዎችን ይጠይቃል። ከሥራ በኋላ ወደ ግቢው ሲመለስም የሚያጥበው፣ የሚጠርገውና ቻርጅ የሚሰካለት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሰው ሥራ ጨርሶ አልጠፋም። የጠፋው መሪውን የጨበጠው፣ መኪናው የራሱ የሆነው፣ ሲፈልግ ወጥቶ ሲፈልግ የሚገባው ሰው ነው። የቀረው መጥረጊያ የያዘው ነው። «ማሽን ሥራ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም?» እያልን ስንከራከር ዋናው ጥያቄ ያመልጠናል። የትኛው ሥራ ይቀራል? ለማንስ? በስንት ክፍያ? ጥያቄው ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር

የማሽኑን ስም ለማጥፋት አልተነሳሁም። በአሜሪካ መንገዶች ላይ በ2023 ብቻ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞተዋል። ለብዙ አደጋ ምክንያት የሚሆኑት የሰው ልጅ ድካም፣ መጠጥና ስልክ ናቸው። ማሽን አይሰክርም፣ እንቅልፍም አይጥለውም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የማንንም ፊት ሳያይ ተሳፍሮ መሄድ መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የካደ ጸሐፊ አንባቢውን ያታልላል።

ግን ሌላውም ወገን ይነገር። በማርች 2018 አሪዞና ውስጥ ቴምፒ በተባለች ከተማ፣ ኡበር ይሞክረው የነበረ በራሱ የሚሄድ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ ታቋርጥ የነበረች ሴት ገጭቶ ገደለ። መሪው ላይ ለቁጥጥር የተቀመጠች ሠራተኛ ነበረች። ዓይኗን ስልኳ ላይ ጥላ ነበር ተብላ ተከሰሰችና በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና በገደብ ተለቀቀች። ኩባንያው ግን በወንጀል አልተከሰሰም። ማሽኑን የሠራው፣ የላከውና ያተርፍበት የነበረው ሌላ፤ ፍርድ ቤት የቆመችው በሰዓት የምትከፈለው ሠራተኛ።

በኦክቶበር 2023 ደግሞ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ፣ አንዲት እግረኛ ሰው በሚነዳው መኪና ተገጭታ ክሩዝ በተባለው ሾፌር የለሽ ታክሲ ፊት ወደቀች። ታክሲው ገጫትና ከቆመ በኋላ እንደገና ተንቀሳቅሶ 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ኩባንያው ለተቆጣጣሪዎቹ የነገረው የታሪኩን ግማሽ መሆኑ ሲታወቅ ፈቃዱ ታገደ። በዲሴምበር 2024 ባለቤቱ ጄነራል ሞተርስ የታክሲ ሥራውን ተወው። በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ለኖርን ሰዎች ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። አደጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያልፉት ነበር፤ የጣላቸው መደባበቁ ነው።

ይህን መንገድ አንዴ ሄደንበታል

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ዋሽንግተን የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው የከተማዋ ታክሲ ለብዙ ዘመን በሜትር ሳይሆን በዞን ነበር የሚያስከፍለው። በኦክቶበር 2007 ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ሜትር እንዲገባ ወሰኑ። ነጂዎቹ፣ ከመካከላቸውም እጅግ ብዙዎቹ የእኛው ወገኖች፣ አድማ መቱ። ሜትሩ በ2008 ገባ። በዲሴምበር 2011 ኡበር ከተማዋ ደረሰ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «ይሄ የሀብታም መጫወቻ ነው» ብለን ሳቅንበት። በ2013 የታክሲ ነጂዎች ከቲምስተርስ የሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆነው መደራጀት ጀመሩ። በጁን 2014 ታክሲዎች ፔንሲልቬኒያ ጎዳናን ሞልተው፣ ጡሩምባ እየነፉ፣ ከተማውን ቀጥ አደረጉት። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የከተማው ምክር ቤት እነ ኡበር በሕጋዊነት እንዲሠሩ የሚያስችለውን ሕግ አጸደቀ።

ጋሼን ያን ቀን የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። «ሰልፉ ላይ ነበርኩ» አሉ። «ጡሩምባዬን እስኪበቃኝ ነፍቻለሁ። ምክር ቤቱ ከሕጉ በፊት የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ ግን አልሄድኩም። በዚያ ሳምንት የአገር ቤት ጉዳይ ስብሰባ ነበረብን።»

አልፈርድባቸውም፤ እኔም በዚያው ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ ይዤ!

የኒውዮርኩን ደግሞ አስታውሱ። እዚያ ታክሲ ለማሠራት ሜዳሊዮን የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2014 የአንዱ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች «ይህ ጡረታችን ነው» እያሉ በብድር ገዙት። ኡበርና መሰሎቹ ገበያውን ሲያጥለቀልቁት ዋጋው ወደቀ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። በ2018 ከነጂዎቹ መካከል ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። በኦክቶበር 2021 ነጂዎቹ ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት የረሃብ አድማ መቱ። በ15ኛው ቀን፣ ኖቬምበር 3፣ ስምምነት ተደረሰ፦ ዋናው ዕዳ ወደ 170 ሺህ ዶላር እንዲወርድና ከተማው ዋስ እንዲሆንበት። ለሞቱት አልደረሰላቸውም። ለቀሩት ያደረሰላቸው ግን የባንክ ደግነት አልነበረም፤ ተደራጅተው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጥያቄ መቀመጣቸው እንጂ።

ኑዛዜ

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ።

አገር ቤት በመንግሥት ጋዜጣ ላይ በአዘጋጅነት ስሠራ፣ እንደ እኛ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ ዓመታት፣ ጋዜጣችን በሚታተምበት ማተሚያ ቤት ገና ፊደል በእጃቸው የሚለቅሙ ሰዎች ነበሩ። ወጣት አንባብያን ሥራውን ስለማታውቁት ላስረዳ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጻቸው 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ይጨመሩበት። ከእርሳስ የተሠራችው እያንዳንዷ ፊደል በየራሷ ሳጥን ተቀምጣለች። ፊደል ለቃሚው የእኛን የእጅ ጽሑፍ ፊቱ አድርጎ፣ ሳጥኑን ሳያይ እጁን እየላከ፣ አንድ በአንድ ለቅሞ ይደረድራል። የደረደረውንም የሚያነበው ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ ነው። ስሕተታችንን ከእኛ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ነበሩ። የባለሥልጣን ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትገደፍ የሚመጣውን ጣጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስንቴ አድነውናል!

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። እኔም የሚጠበቅብኝን ጻፍኩ፦ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ፣ ፈጣን አገልግሎት፣ ብሩህ ተስፋ። ጽሑፉ የወጣ ዕለት ከፊደል ለቃሚዎቹ አንዱ፣ ጣቶቻቸው በቀለምና በእርሳስ የጠቆሩ አንጋፋ ሰው፣ ቢሮዬ መጡ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ የትናንቱን ጽሑፍህን የለቀምኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ስለ መሣሪያው ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ስለቅመው 'ሠራተኛ' የምትል ቃል ትመጣ ይሆን እያልኩ ጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው አልመጣችም።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ጥቂት ቆይቶ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ቦታ ላይ መደባቸው፤ በር ላይ ጥበቃ ሆኑ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኝ ነበር። ከስድብ ይብሳል።

ዓመታት አለፉ። እኔም ተሰደድኩ። እዚህ አገር የመጀመሪያው ሥራዬ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ሁለት ሰው የማይቀመጥባት የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ማታ ማታ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። በዚያች ቤት ውስጥ ስንቱን ጽሑፍ ጽፌባታለሁ! ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ማስተርሱን የጨረሰባት ናት፤ ከእሱ በፊት የነበሩት የጦር መኮንን ነበሩ ይባላል። አንድ ማለዳ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደንበኞች በመክፈያ ማሽኑ ይከፍላሉ ይላል። ስለ ማሽኑ አጠቃቀም በሥዕል ሳይቀር አስረድቷል። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እኛ አንዲት መስመር የለም።

ያን ጊዜ እኒያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። እኔም ግድግዳው ላይ ያችን ቃል ስፈልግ ነበር።

የተጠየቁና ያልተጠየቁ

ማሽን ሥራ ቦታ የገባበት ታሪክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን፣ ሲገባ ሠራተኛው ተጠይቋል ወይስ አልተጠየቀም የሚለው ላይ ነው።

ከ200 ዓመት በፊት፣ ከ1811 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ የካልሲና የጨርቅ ሠሪዎች አዲሶቹን ማሽኖች በመዶሻ ይሰብሩ ነበር። በ1812 የእንግሊዝ ፓርላማ ማሽን የሰበረ በሞት እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። ታሪክ እነዚህን ሰዎች እንደ ኋላ ቀር ያያቸዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድሃ ሠራተኛ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ማኅበር ማቋቋምም በሕግ ተከልክሏል። ከመዶሻ በቀር ምን ነበራቸው?

የዛሬዎቹን ደግሞ ተመልከቱ። በኦክቶበር 2024 ከሜይን እስከ ቴክሳስ ያሉ የወደብ ሠራተኞች ለሦስት ቀን ሥራ አቆሙ። በስድስት ዓመት ውስጥ 62 ከመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተስማሙ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ በማሽኖች ጉዳይ ላይ ስምምነት ደርሰው በፌብሩዋሪ አባላቱ አጸደቁት። አዲስ መሣሪያ አይግባ አላሉም፤ ሲገባ የሰው ሥራ አብሮ እንዲጠበቅ ነው በውል ያስገቡት። በ2023 የሆሊዉድ ጸሐፊዎች 148 ቀን አድማ መትተው፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሥራቸው ላይ እንዴት እንደሚገባ የሚወስን ደንብ በውላቸው አስፍረዋል። በኖቬምበር 2024 የማሳቹሴትስ ሕዝብ የኡበርና የሊፍት ነጂዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ የሚፈቅደውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። በኦክቶበር 2025 ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሕግ ፈረመች። ዌይሞ ቦስተንን ማየት ሲጀምር፣ በ2025 ሰመር የከተማዋ ምክር ቤት ጉዳዩን ለውይይት አቀረበው። የኩባንያው ሰዎች ቀረቡ፤ የሠራተኞች ማኅበር ሰዎችም ቀረቡ። ሁለቱም ተሰሙ።

እዚህ ላይ «ታክሲው ካልሆነ የጭነት መኪና አለ፤ ሲዲኤል አወጣለሁ» የሚል ይኖራል። ብዙ ወንድሞቻችን ወደዚያው ተሻግረዋልና አውቃለሁ። ነገር ግን በ2025 ጸደይ ኦሮራ የተባለ ኩባንያ ዳላስና ሂዩስተን መካከል ሾፌር የሌለበት የጭነት መኪና ማመላለስ ጀምሯል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ፣ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ስለጠየቀ ሰው ተመልሶ መሪው ፊት ተቀምጧል። አያችሁ? ማሽኑ ሰውን አላስመለሰም። ሰው መልሱ ብሎ የጠየቀ ወገን ስላለ ነው የተመለሰው።

እኛስ?

ወደ ዋሽንግተን ልመለስ። በማርች 2025 ዌይሞ በ2026 በከተማችን አገልግሎት ለመጀመር ማቀዱን አስታወቀ። እቅዱ በተነገረ ጊዜ የከተማዋ ሕግ፣ መጀመሪያ በ2012 የወጣው፣ መሪውን ለመረከብ ዝግጁ የሆነ ሰው መኪናው ውስጥ እንዲኖር ያስገድድ ነበር። ኩባንያውም ያለ ሰው ለመሥራት የሚያስችለው ደንብ እንዲወጣ ከባለሥልጣናቱ ጋር እንደሚሠራ በይፋ ተናገረ። በሌላ አነጋገር፣ በጋሼ መሪና በዚያች ነጭ ጃጓር መካከል የቆመው ቴክኖሎጂ አልነበረም። ሕግ ነበር። ሕግ ደግሞ ሰው ያወጣዋል፤ ያን ሰው ደግሞ እኛ በድምፃችን እንመርጠዋለን።

ታዲያ ያን የከተማ ምክር ቤት አባል ስሙን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? አገር ቤት ያለውን ሚኒስትር እስከ ሦስተኛ ምክትሉ እንቆጥራለን። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን የት ተሾመ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንወያይ እናድራለን። ይህን ማድረጋችን ስሕተት አይደለም፤ አገራችን ናት። ነገር ግን ለአገር ቤት ትግል የምናዋጣው ገንዘብ ከዚያው መሪ ላይ የሚመጣ ነው። ለእናት መድኃኒት፣ ለወንድም ልጅ ትምህርት ቤት የምንልከው ከዚያው ነው። ጋሼ ከመሪው ሲወርዱ ደሴ ያለ አንድ ቤት ይጨልማል። ስለዚህ የእንጀራችንን ነገር ለሌላ ሰው ትተን የአገራችንን ነገር መያዝ አንችልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ምን እንጠይቅ? «ማሽኑ ይታገድ» ብለን ብንጮኽ ማንም የሚሰማን አይመስለኝም፤ ልክም አይሆንም። የሚጠየቅ ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ሾፌር የለሽ ታክሲዎች ከእያንዳንዱ ጉዞ ጥቂት ሳንቲም ተቆርጦ፣ ከሥራ ለሚፈናቀሉ ነጂዎች መሸጋገሪያና ማሠልጠኛ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቁጥራቸው በአንድ ሌሊት ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ይጨመር፤ ኡበር ሲገባ ገደብ ስላልነበረ የሆነውን አይተናል። ሦስተኛ፣ በመኪኖቹ ግቢ የሚፈጠረው የጥገና፣ የቁጥጥርና የጽዳት ሥራ በደህና ደመወዝ ይሁን፤ ለቀድሞ ነጂዎችም ቅድሚያ ይሰጥ። አራተኛ፣ አደጋ ሲደርስ መረጃው ሳይሸራረፍ ለሕዝብ ይውጣ። አምስተኛ፣ አዛውንትና አካል ጉዳተኛን ከቤቱ ደጃፍ ደግፎ የሚያወጣ፣ ዊልቸር አጥፎ የሚጭን፣ ሐኪም ቤት በር ድረስ ይዞ የሚያደርስ ሰው ማሽኑ ሊተካው አይችልምና፣ ያ አገልግሎት እንዲሰፋ በጀት ይጠየቅ። ይህን ሥራ ከእኛ ነጂዎች የተሻለ ማን ያውቀዋል? ሽማግሌ ደግፎ ማሻገር ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ለማለት ደግሞ መዶሻ አያስፈልገንም። እነዚያ የእንግሊዝ ሠራተኞች ያልነበራቸው ሁሉ አለን። ብዙዎቻችን ዜጎች ሆነናል፤ የምርጫ ካርድ አለን። ማኅበር መግባት ይቻላል። ምክር ቤቱ አስተያየት ሲሰማ ስም አስመዝግቦ መናገር ይቻላል፤ የሚሰጡን ሦስት ደቂቃ ቢሆን እንኳ፣ ከማተሚያ ቤቱ ሽማግሌ ይልቅ እኛ ዕድለኞች ነን። እሳቸው የነበራቸው የአንድ አዘጋጅ ቢሮ ብቻ ነበር፤ አዘጋጁም ጆሮ አልነበረውም። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊዳችን፣ ዕቁባችንና ዕድራችን አለ። ለቅሶ ሲሆን በአንድ ሌሊት 500 ሰው የሚሰበስብ ዕድር ለአንድ የምክር ቤት ስብሰባ 50 ሰው መላክ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ስብሰባው በሥራ ቀን ይሆናል እኮ» አሉ። «የአንድ ቀን ገቢ ነው።»

«አዎ፣ የአንድ ቀን ነው» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው «እንግዲያው ስሜን አስመዝግብልኝ» አሉ። «አንተም ትመጣለህ። ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ሳይሆን ለመናገር።»

እመጣለሁ ብያለሁ። ሦስት ደቂቃዬን የምጀምረው በየትኛዋ ቃል እንደሆነም አውቄአለሁ። ከ30 ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ፊደል እየለቀሙ የጠበቋት ቃል ናት።

ቸር ይግጠመን።